ጅግራና ቆቅን ከማሳ የሚያርቅ ውሻ፡ ሥልጠናው በየትኛው ወር ይጀመራል?

ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ



የዛሬው ርዕሳችን ስለ ውሻ ነው። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ወተት ላም ስንነጋገር ቆይተን ወደ ውሻ መምጣታችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በየቤታችሁ ደጃፍ አንድ ወይም ሁለት ውሻ አለ። ይበላል፣ ሌሊት ይጮኻል፣ ቀን ይተኛል። በሌላ በኩል ደግሞ በየዓመቱ በሰኔ የተዘራው በቆሎ ሳይበቅል በጅግራ ተጭሮ ይወጣል፤ በጥቅምት የደረሰው ማሽላና ስንዴ በቆቅና በጅግራ ይረገፋል። ማሳውን የሚጠብቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ እሸቱ የሚጠበቀውም በመስከረም ነው። ልጁ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ ሲውል ደብተሩ ቤት ይውላል። የዛሬው ገለጻ ዓላማ ደጃፍ የሚተኛው ውሻ ከዚህ ሸክም የተወሰነውን እንዲያነሳ ማድረግ ነው።

ስለ ሥልጠናው ዘዴ ብዙዎቻችሁ ከአባቶቻችሁ ያያችሁት አለ። የሚጎድለው ጊዜው ነው። አብዛኛው ሰው ውሻውን ማሰልጠን የሚያስበው ጅግራው ማሳ ውስጥ ገብቶ ሲያየው ነው። ያን ጊዜ ግን ረፍዷል። አባቶች «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዳሉት፣ ለመስከረም የሚያስፈልግ ውሻ ሥራው የሚጀመረው በጥር ነው።

1. ውሻው ምን ይችላል? ምን አይችልም?

በመጀመሪያ ከውሻ የምንጠብቀውን በልክ እናድርግ። ወፍ ከሰብል ጋር ያለው ጠብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መሬት ላይ እየሮጠና እየጫረ የሚበላ ወፍ ነው። ጅግራ፣ ቆቅና የመሳሰሉት ከዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ ሲባረሩ ብዙ ጊዜ ከመብረር ይልቅ በእግራቸው መሮጥ ይመርጣሉ። ውሻ ጥሩ ሥራ የሚሠራው በእነዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው በዛላው ላይ አርፎ የሚበላ ትንሽ ወፍ ነው። ከእነዚህ ዋናው ግሪሳ ነው። ግሪሳ በሺዎችና ከዚያም በላይ በሚቆጠር መንጋ ይመጣል፤ አንዱ ወፍ በቀን 10 ግራም ገደማ እህል ይበላል። ውሻ ግሪሳን አይከላከልም። ግሪሳ በአካባቢው ሲታይ፣ በተለይም ማሽላው ወተት በያዘበት ጊዜ፣ ወዲያውኑ ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ማሳወቅ ነው። የግሪሳ መከላከል ሥራ ማደሪያውን ፈልጎ በተደራጀ መንገድ የሚከናወን እንጂ የአንድ ቤተሰብ ሥራ አይደለም።

እንዲሁም ውሻን ብቻውን በዝንጀሮ መንጋ ላይ አትልቀቁ። አውራው ዝንጀሮ ውሻን አቁስሎ ሊገድል ይችላል። ከጃርት ጋርም አታጋጥሙት፤ እሾሁ ዓይኑንና አፉን ይጎዳዋል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ወፍ አዳኞች ውሻን በሦስት ዓይነት ሥራ ይከፍሉታል። አንዱ ወፉ ያለበትን በሽታ ፈልጎ ቆሞ የሚጠቁም ነው፤ ሁለተኛው ወፉን ከሣር ውስጥ የሚያስነሳ ነው፤ ሦስተኛው የወደቀውን ወፍ አንስቶ የሚያመጣ ነው። እኛ የምንፈልገው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ ማስነሳትና ማራቅ። ለዚህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዘር አያስፈልግም። የአገራችን ውሻ ሙቀቱንም፣ ዳገቱንም፣ ምግቡንም የለመደ ነው። ከታናሽነቱ ከተያዘ ይማራል።

2. ከመስከረም ወደ ኋላ መቁጠር

ሰብል ስንዘራ የመድረሻ ጊዜውን አስቀድመን እናሰላለን። ለውሻም እንዲሁ ነው። ውሻ ማሳ ውስጥ ከባለቤቱ ጋር በአግባቡ ለመሥራት ቢያንስ የ10 ወር ዕድሜ ሊኖረው ይገባል። ከዚያ በፊት አጥንቱ አልጠነከረም፣ ጠባዩም አልረጋም። ስለዚህ በመስከረም አጋማሽ 10 ወር እንዲሞላው ከተፈለገ ባለፈው ኅዳር አጋማሽ የተወለደ መሆን አለበት።

የሴት ውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው። በመስከረም አጋማሽ የተጠቃች ውሻ በኅዳር አጋማሽ ትወልዳለች። ሴት ውሻ ወንድ የምትፈልገው በ6 ወይም በ7 ወር አንድ ጊዜ በመሆኑ ወሩን እንደ ልባችን ማዘዝ አንችልም። ነገር ግን ከጎረቤት ቡችላ ስንወስድ የተወለደበትን ወር ጠይቀን መምረጥ እንችላለን። በኅዳርና በታኅሣሥ የተወለደው ለእኛ የሰብል ዘመን ይመቻል። በግንቦት የተወለደው ግን በመስከረም ገና የ4 ወር ቡችላ ስለሆነ ሥራው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

በኅዳር አጋማሽ የተወለደ ቡችላ ዓመቱ እንዲህ ይሆናል፦

• ጥር አጋማሽ፦ 2 ወር፤ ከእናቱ ይለያል፣ ቤት ይለምዳል
• የካቲት አጋማሽ፦ 3 ወር፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል
• ሚያዝያና ግንቦት፦ 5 እና 6 ወር፤ በገመድ መሄድና ሲጠሩት መምጣት ይማራል
• ሰኔና ሐምሌ፦ 7 እና 8 ወር፤ በረጅም ገመድ የተዘራ ማሳ ይጠብቃል
• ነሐሴ፦ ወፎች የሚፈለፍሉበት ወር ስለሆነ ከቁጥቋጦ ይከለከላል
• ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር፦ ከ10 እስከ 12 ወር፤ በባለቤቱ ፊት ሙሉ ሥራ ይጀምራል

ከወንድሞቹ መካከል የትኛውን እንምረጥ? ድምፅ ሲሰማ ደንግጦ የሚሸሸውንም፣ ሌሎቹን እየነከሰ የሚያስቸግረውንም ተዉት። ደንገጥ ብሎ ወዲያው ተመልሶ የሚመጣውንና ሰው ሲያይ የሚቀርበውን ውሰዱ። እናቱ ረጋ ያለች፣ ዶሮና ጠቦት የማትነካ ከሆነች ደግሞ የተሻለ ነው። ቡችላን ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱ መለየት አይመከርም። አለመንከስንና ከሌላ ውሻ ጋር መኖርን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው።

3. ከጥር እስከ መጋቢት፡ መጀመሪያ ዶሮን መተው ይማር

የቡችላ አእምሮ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ እንደ ለሰለሰ ጭቃ ነው። በዚህ ጊዜ ያየውንና የለመደውን ዕድሜውን ሁሉ እንደ ወዳጅ ያያል። ያላየውን ይፈራል ወይም ያጠቃል። ስለዚህ በጥርና በየካቲት ቡችላውን ከልጆች፣ ከእንግዳ ሰው፣ ከበግና ከፍየል፣ ከጥጃና ከዶሮ ጋር አስተዋውቁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ወፍ ማባረር የተማረ ውሻ ዶሮም ወፍ መሆኗን ያውቃል። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በዶሮ እርባታ ተሰማርታችኋል። ጅግራ ለማባረር የተነሳሳ ውሻ ዶሮን እንዲተው ካልተማረ የመጀመሪያው ጉዳት በራሳችሁ ግቢ፣ ሁለተኛው በጎረቤት ግቢ ይሆናል። በመንደር ስንት ጠብ በውሻና በዶሮ እንደሚነሳ እናንተው ታውቃላችሁ። ስለሆነም ቅደም ተከተሉ የማይለወጥ ነው። መጀመሪያ «ተው» ይማራል፣ ቀጥሎ «ና» ይማራል፣ «ሂድ» የሚባለው በመጨረሻ ነው።

አሠራሩም ይህ ነው። ቡችላውን በአጭር ገመድ ይዛችሁ ዶሮዎች እህል በሚለቅሙበት አጠገብ ተቀመጡ። ወደ ዶሮዋ ሲንጠራራ «ተው» በሉት፤ ገመዱን ያዙ እንጂ አትጎትቱት። ዓይኑን ከዶሮዋ መልሶ ወደ እናንተ ሲያይ ወዲያውኑ ቁራሽ ዳቦ ወይም እንጀራ ስጡት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ይበቃል። ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ዶሮዋ በአፍንጫው ሥር ብታልፍ የማይንቀሳቀስ ይሆናል።

ዱላ በዚህ ዕድሜ ጨርሶ አያስፈልግም። የተመታ ቡችላ የሚማረው ዶሮን መተው ሳይሆን ሰውን መፍራት ነው። ሰው የሚፈራ ውሻ ደግሞ ሲጠሩት አይመጣም።

ምግቡንም በዚሁ ወቅት እናስብበት። ቡችላው በፍጥነት የሚያድግበት ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። በጾም ቤት ውስጥ ሥጋና አጥንት የለም፤ ትርፍራፊው እንጀራና ሽሮ ነው። እንጀራ ብቻውን አጥንት አይገነባም። ነገር ግን በጾም ላም ትታለባለች፣ ቅቤ ይናጣል፣ አሬራውና አጓቱ ይተርፋል። ይህን ለቡችላው በጥቂት በጥቂቱ ማስለመድ ጥሩ ነው። በደንብ የተቀቀለ ባቄላ ወይም ምስር ከእንጀራው ጋር ደባልቁለት። የእንቁላል ቅርፊት ግን አስለምዳችሁ አትስጡት፤ ከዶሮው ቆጥ ሥር እንቁላል ፈላጊ ይሆንባችኋል።

4. ሚያዝያና ግንቦት፡ ገመድ፣ ጥሪና ድምፅ

በእነዚህ ሁለት ወራት ውሻው ሦስት ነገር ይማራል።

አንደኛው በገመድ መሄድ ነው። ገመዱ የማይከብድ፣ የአንገቱ ማሰሪያ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። በዚህ ጊዜ የወተት ጥርሱ ረግፎ ዋናው ጥርስ እያበቀለ ስለሆነ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። የሚያኝከው ደረቅ አጥንት ወይም የእንጨት ቁራጭ ስጡት። ነገር በአፉ ይዞ መጎተትን ግን አታጫውቱት፤ ጥርሱን ይጎዳል፣ መንከስም ያስለምደዋል።

ሁለተኛው ሲጠሩት መምጣት ነው። «ና» የሚለውን ቃል የቤተሰቡ አባል ሁሉ በአንድ ዓይነት ይጥራው። አንዱ «ና»፣ ሌላው «ውጣ»፣ ሦስተኛው በፉጨት ከጠራው ቡችላው ይደናገራል። ከመጣ በኋላ ደግሞ በምንም ምክንያት አትቆጡት። ጫማ ቢበላም እንኳ ተጠርቶ ከመጣ ይመሰገናል። አንድ ጊዜ መጥቶ የተመታ ውሻ በሁለተኛው ጊዜ ማሳው ማዶ ቆሞ ያያችኋል።

በእኛ ዘንድ ውሻን ስናነሳሳ «ያዝ!» ማለት ልማድ ነው። ልጆችም «ያዝ በለው» ይላሉ። ለዚህ ሥራ ግን ይህ ቃል አይጠቅምም። «ያዝ» የሚያስተምረው መንከስን ነው፤ እኛ የምንፈልገው ማባረርን ነው። «ሂድ» የሚለውን ቃል ብቻ ተጠቀሙ፤ ልጆቻችሁም «ያዝ» እያሉ እንዳይጫወቱበት ንገሯቸው።

ሦስተኛው ድምፅን መልመድ ነው። ማሳ ጠባቂ ወንጭፍና ጅራፍ ይጠቀማል። በነሐሴ ደግሞ ለቡሄ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። ድምፁን አስቀድሞ ያልለመደ ቡችላ በዚያን ሰሞን ከቤት ጠፍቶ ሊሄድ ወይም ዘወትር ጅራፍ በያዘ ሰው ፊት የሚንቀጠቀጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሚያዝያ ጀምሩ። ምግቡን በሚበላበት ሰዓት አንድ ሰው መቶ እርምጃ ርቆ ጅራፍ ያጩህ። ውሻው ቀና ብሎ አይቶ መብላቱን ከቀጠለ በሚቀጥለው ሳምንት በ80 እርምጃ፣ ከዚያም በ60 ይሁን። መብላቱን ካቆመ ወደ ኋላ ተመለሱ። አትቸኩሉ፤ እስከ ቡሄ ሦስት ወር አላችሁ።

ሚያዝያና ግንቦት በቆላና በወይና ደጋ ሙቀት የሚበረታበት ጊዜ ነው። ውሻ እንደ ሰው ላብ አውጥቶ ሰውነቱን አያቀዘቅዝም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። ስለዚህ ሥልጠናው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይሁን። ምላሱ በጣም ረዝሞ ከወጣ፣ ምራቁ ከወፈረና ከተንገዳገደ በሙቀት ተመትቷል ማለት ነው። ወደ ጥላ ውሰዱት፣ ሆዱንና እግሩን በውኃ አርጥቡ፣ የሚጠጣ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ስጡት።

5. ሰኔና ሐምሌ፡ የተዘራውን መጠበቅ

በቆሎና ማሽላ ከተዘራበት ቀን አንስቶ ቡቃያው እስኪጠነክር፣ ማለትም ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት፣ ጅግራና ቆቅ ዘሩን እየጫሩ ያወጣሉ። በመስመር የዘራ አርሶ አደር ጉዳቱ ይበልጥ ይታየዋል፤ ወፏ አንድ ጊዜ መስመሩን ካገኘች ተከትላው ትሄዳለች።

ውሻው አሁን 7 ወር ገደማ ሆኖታል። ሥራው በገመድ ነው። 10 ሜትር የሚሆን ገመድ አሥራችሁ ማሳውን በጠዋት ዙሩት። ጅግራ የሚመገበው በጠዋትና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስለሆነ ጥበቃውም ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታም ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይሁን። ቀትር ላይ ውሻውም እናንተም ዕረፉ።

ነፋሱ ከፊታችሁ እንዲመጣ አድርጋችሁ ግቡ፤ ሽታው ወደ ውሻው የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው። ጠዛ ባለበት ቀዝቃዛ ጠዋት ሽታ መሬት ላይ ይቆያል፤ በደረቅና በሞቃት ቀትር ግን ቶሎ ይጠፋል። ውሻው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ጅራቱን ማወዛወዝ ሲጀምር ሽታ አግኝቷል። «ሂድ» በሉት፤ ወፉ እስኪነሳ አብራችሁት ሩጡ፤ ከማሳው ጠርዝ ላይ ሲደርስ «ተው»፣ ከዚያም «ና» በሉት። ሲመለስ ሽልማቱን ስጡት። ትምህርቱ በዚህች ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ውሻው ማሳው ሥራው እንደሆነ፣ ከጠርዙ ወዲያ ያለው ቁጥቋጦ ግን የእሱ እንዳልሆነ መለየት አለበት።

ጥንቃቄ፦ በመድኃኒት የታሸ ዘር፣ የአይጥ መርዝና ፀረ ተባይ ኬሚካል ውሻን ይገድላል። ኬሚካል በተረጨበት ማሳ ውሻ አታስገቡ። የኬሚካል ዕቃ ለውሻ የውኃ መጠጫ እንዳይሆን ቅበሩ ወይም በመመሪያው መሠረት አስወግዱ።

6. ነሐሴ፡ ውሻው የሚታሰርበት ወር

ጅግራና ቆቅ ጎጇቸውን የሚሠሩት መሬት ላይ፣ በሣርና በቁጥቋጦ ሥር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጥሉትና የሚፈለፍሉት ዝናቡ ሣሩን ባበዛበት ጊዜ ነው። ጅግራ እንቁላሏን ታቅፋ ከ26 እስከ 28 ቀን ትቆያለች። በዚህ ጊዜ የተለቀቀ ውሻ እንቁላል ይበላል፣ ጫጩት ይጨርሳል። እንቁላልና ጫጩት የለመደ ውሻ ደግሞ ከዚያ በኋላ ለማሰልጠን አስቸጋሪ ነው። የዶሮዎቻችሁም ጠላት ይሆናል።

በሌላውም ዓለም ይህ የታወቀ ነው። ለምሳሌ በጀርመን አገር በታችኛው ሳክሶኒ ግዛት ከኤፕሪል 1 እስከ ጁላይ 15፣ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ፣ ውሻን በሜዳና በደን ያለ ገመድ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው። ወፎቻቸው የሚፈለፍሉት በዚያ ጊዜ ነውና። የእኛ የመፈልፈያ ጊዜ ክረምቱን የሚከተል ስለሆነ ወሩ ይለያያል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

«ወፉ ሰብሌን እየበላ ጫጩቱን ለምን እጠብቃለሁ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጅግራና ቆቅ ዓመቱን ሙሉ እህል አይበሉም። ነፍሳትን፣ ትልንና የአረም ዘርን ይለቅማሉ። ቆራጭ ትልና ፌንጣ ከሚያጠፉ ወገኖች ናቸው። እህል የሚጎዱት ዘሩ ሳይበቅልና ሰብሉ ሲደርስ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። የምናርቃቸው በእነዚያ ሳምንታት ብቻ ነው። በተጨማሪም በዓባይና በጀማ ሸለቆ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኝ የቆቅ ዝርያ አለ። የሌላ አገር ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣለትን ወፍ እኛ በውሻ ማስፈጀት የለብንም።

ስለዚህ በነሐሴ ውሻው ቤት ይዋል። የተማረውን «ተው»ና «ና» በግቢ ውስጥ ድገሙለት። ሳይደጋገም የቀረ ትምህርት ይረሳል።

7. ከመስከረም እስከ ኅዳር፡ የዓመቱ ዋና ሥራ

መስከረም ሲጋመስ ውሻው 10 ወር ይሞላዋል። ሰብሉም እሸት ይዟል። አሁን ገመዱ በየደረጃው ይላላል። በመጀመሪያው ሳምንት 10 ሜትሩን ገመድ መሬት ለመሬት እንዲጎትት ልቀቁት፤ ሲያስፈልግ ትረግጡታላችሁ። ሦስት ቀን በተከታታይ በመጀመሪያው ጥሪ ከመጣ ገመዱን አሳጥሩ። በጥቅምት መጀመሪያ ያለ ገመድ መሥራት የሚችል ከሆነ ጥሩ ተማሪ ነው። ካልቻለ በገመድ ይቀጥል፤ የዓመት ተኩል ሲሆን ይበስላል።

ውሻው ማሳ ውስጥ ያለ ሰው አይዋል። ብቻውን የተተወ ውሻ ሌሎች ውሾችን ይቀላቀላል፤ ከዚያ በኋላ ጠቦት የሚበላ መንጋ ይሆናል። እዚህ ላይ የልማት ቡድናችሁ ይጠቅማል። አጎራባች ማሳ ያላችሁ አምስት አባወራዎችና እማወራዎች በአንድ ወይም በሁለት የሠለጠነ ውሻ በተራ መጠበቅ ትችላላችሁ። ዛሬ አንዱ ጠዋት ከዞረ ነገ ሌላው ይዞራል። በዚህ መንገድ ከተሠራ የጠዋቱን ጥበቃ አዋቂ ሰው በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ልጁም ትምህርት ቤት ይሄዳል። ወተት በያዘው ማሽላ ላይ የሚያርፈውን ትንሽ ወፍ ግን ውሻው ስለማያስቆመው፣ ለእሱም የአዋቂ ተረኛ መድቡ እንጂ ልጁን መልሳችሁ ማማ ላይ አታውጡት።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሰብሉ ታጭዶ ሲከመር ወፍ ወደ ክምሩና ወደ አውድማው ይሳባል። የታጨደ ማሳ ግልጽ ስለሆነ ውሻውን ከሩቅ ለማየትና ለመጥራት ይመቻል፤ የጠዋቱ ጠዛም ሽታ ይይዛል። የጎደለውን ትምህርት ለመሙላት ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም።

ሴት ውሻ ወንድ በምትፈልግበት ሰሞን ወደ ማሳ አታውጧት። የመንደሩን ወንድ ውሾች ሁሉ ሰብሉ ውስጥ ትሰበስብባችኋለች።

8. የጤና ቀጠሮዎች

ውሻውን ወደ ሰውና ወደ እንስሳት መሐል የምናስገባው ከሆነ ጤናው የግድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። በኅዳር ለተወለደ ቡችላ ቀጠሮው የካቲት ነው፤ ወሩን በግድግዳ ላይ ጻፉት። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መዛመት ያቆማል። ስለዚህ የእናንተ ውሻ ብቻ ሳይሆን የተከታዮቻችሁም ይከተብ።

ማንም ሰው በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «ውሻው ያብድ እንደሆነ እንይ» ብሎ መቆየት ሕይወት ያስከፍላል።

በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በቦረና ሳይንትና በአቡነ ዮሴፍ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ተጨማሪ ኃላፊነት አለባችሁ። በዓለም ላይ ቁጥሩ ከጥቂት መቶዎች የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ጎረቤታችሁ ነው። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ በ2003 እና በ2008 ከቤት ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ጨርሷል። በእነዚህ አካባቢዎች ውሻ ይከተባል፣ ወደ ጓሳው አይለቀቅም።

ሌላው የሆድ ትል ነው። በበዓል ስናርድ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት፣ የበግ ጭንቅላትም ለውሻ መጣል ልማድ ነው። በሳንባና በጉበቱ የሚታየው የውኃ ከረጢት የትል እጭ ነው። ውሻው በልቶ እንቁላሉን በዓይነ ምድሩ ይበትናል፤ ከዚያ ወደ ከብቱና ወደ ሰው ይመለሳል። በጎችን እያዞረ የሚገድለው በሽታም በዚሁ መንገድ ከውሻ ይመጣል። የተበላሸውን የሆድ ዕቃ በጥልቅ ቅበሩ፤ ጤነኛውንም በደንብ ቀቅላችሁ ስጡ። ውሻውም ቢያንስ በየ3 ወሩ በእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክር የትል መድኃኒት ይውሰድ።

9. ሕጉ ምን ይላል?

በሕግ መሠረት የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን የተከለከለ ነው፤ ወፎችም በዱር እንስሳት ውስጥ ይካተታሉ። ስለዚህ ይህ ሥልጠና የአደን ሥልጠና አይደለም። ጅግራና ቆቅን ከማሳችሁ ማባረር መብታችሁ ነው፤ ውሻ አስከትሎ ቁጥቋጦ ገብቶ መግደል ግን ያስጠይቃል። ከጠርዙ ላይ «ተው» የምንለው ስለ ጎጇ ብቻ ሳይሆን ስለ ሕጉም ጭምር ነው።

10. ወደ ቤት ስትመለሱ

ከዚህ ሥልጠና በኋላ እያንዳንዳችሁ አራት ነገር እንድታከናውኑ ይጠበቃል።

አንደኛ፣ በቤታችሁ ያለው ውሻ ዕድሜውንና የተከተበበትን ቀን መዝግቡ። ያልተከተበ ካለ በአቅራቢያ ባለው የእንስሳት ጤና ኬላ ቀጠሮ ያዙ።

ሁለተኛ፣ በልማት ቡድናችሁ ውስጥ በኅዳርና በታኅሣሥ የምትወልድ ውሻ ያለችውን ሰው ለዩ። ለአምስት ቤተሰብ አንድ ወይም ሁለት ቡችላ ይበቃል፤ መንደሩን በውሻ መሙላት ዓላማችን አይደለም።

ሦስተኛ፣ ቡችላውን የሚያሠለጥን አንድ ሰው መድቡ። ሌላው ቤተሰብ «ተው»፣ «ና»ና «ሂድ» የሚሉትን ቃላት በአንድ ዓይነት ይጠቀም።

አራተኛ፣ የመስከረምና የጥቅምት የጥበቃ ተራን ከነሐሴ በፊት አውጡ። በዝርዝሩ ውስጥ የተማሪ ስም እንዳይገባ።

ትልልቅ ውሻ ያላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ያደገ ውሻም «ተው»ንና «ና»ን ይማራል፤ ጊዜው ግን እጥፍ ይሆናል። ዶሮ መብላት የለመደውን ግን ለዚህ ሥራ አታስቡት፤ ቤት ይጠብቅ።

 አሁን በየቡድናችሁ ሆናችሁ በቀበሌያችሁ ጅግራና ቆቅ ማሳ ውስጥ የሚገቡባቸውን ሳምንታት በወር ሰሌዳው ላይ ምልክት አድርጉ። ቆላና ደጋ አንድ አይደሉምና፣ የቡችላችሁን ቀጠሮ የምናወጣው ከዚያ ተነስተን ወደ ኋላ በመቁጠር ነው።